የሁለት ጎረቤታሞች መድኃኒት

በኅዳር ወር፣ አዲሱ በርበሬ ከየአገሩ በሚገባበት ሰሞን፣ የዓመቱን ልገዛ በርበሬ በረንዳ ወደሚባለው የአዲስ አበባ ገበያ ሄድኩ። ስሜ ሐመልማል ይባላል፤ የባዮሎጂ መምህርት ነኝ። የሰው አካል እንዴት እንደሚሠራ ለዓመታት አስተምሬአለሁ። ነገር ግን ስለ ሰው አካልም ስለ ሰው ልብም ብዙ የተማርኩት ያን ዕለት በአንድ ጠባብ የበርበሬ ሱቅ ውስጥ ስለሆነ፣ የሆነውን እንዳለ ልጻፈው ብዬ ተነሣሁ። ከባለታሪኮቹ ፈቃድ አግኝቻለሁ። እንዲያውም «ጻፊው፣ ሌላ ሰው ያንብበው» ያሉኝ እነሱ ናቸው።

እትዬ ውባንቺ የረጅም ጊዜ ደንበኛዬ ናቸው። የጎጃም ሰው ናቸው፤ ባላቸው ካረፉ ወዲህ ሱቁን ብቻቸውን እያስተዳደሩ አንድ ልጃቸውን ናሆምን ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ያስተምራሉ። በርበሬን የሚያውቁት በእጃቸው ነው። ዛላውን በጣታቸው አሸት አድርገው የማረቆ ይሁን የቡሬ፣ በደንብ የደረቀ ይሁን እርጥበት የነካው፣ ሳያሸቱት ይናገራሉ። ታዲያ የዚያን ዕለት ስደርስ እጃቸውን በነጠላቸው ጠቅልለው በርጩማ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ሱቁም ግማሹ ባዶ ነበር።

«እንዴት ዋሉ እትዬ ውባንቺ? ዘንድሮ ገና አላስገቡም እንዴ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ለማን ብዬ አስገባለሁ? ያለችውን ሸጬ ልጨርስ ነው። አንቺው ከጆንያው እየዘገንሽ አውጪ፣ እኔ አልችልም።»

ለሰላምታ እጃቸውን ስይዝ ፊታቸውን አጨማደዱ። የጣቶቻቸው አንጓዎች ሁሉ አብጠዋል፤ ቆዳቸው ተወጥሮ ያብረቀርቃል። የአንዱ እጅ እንደ ሌላው ነው። ምን እንደነካቸው ጠየቅኋቸው። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ናሆም ትምህርቱን ትቶ ይምጣ ብዬ ልኬበታለሁ። ሱቁን በቁሜ ላስረክበው» አሉኝ።

«ትምህርቱን? ሊመረቅ ዓመት እንኳ ሳይቀረው?»

«እሱ ሲመረቅ እኔ ከሌለሁ ምን ይረባዋል?»

በዚህ መካከል አንዲት ወጣት ከበሩ ላይ ሰላምታ ሰጥታ ገባች። አስተምሬያት የነበረች ሀፍሷ ናት። የጎረቤታቸው የቅመም ነጋዴ የእትዬ ጠይባ ልጅ ስትሆን አሁን በአንድ ሆስፒታል ፋርማሲስት ሆናለች። እናቷን ለማየት መጥታ ድምፄን በጣውላው ግድግዳ በኩል ሰምታ ነው የመጣችው። ሁለቱ ሱቆች የሚለያዩት በአንዲት ጣውላ ብቻ ነበር።

«ቲቸር፣ እንዴት ነሽ? እትዬ ውባንቺ፣ እጅዎ እንዴት ዋለ? መድኃኒቱን ጀመሩት ወይ?»

«አልጀመርኩትም» አሉ እትዬ ውባንቺ። «አልጀምረውምም።»

ሀፍሷ ከጎናቸው ተቀመጠች። ቀስ ብላ ምክንያቱን ጠየቀቻቸው፤ እኔም አብሬ ለመንኳቸው። በመጨረሻ እትዬ ውባንቺ ከበርጩማው ስር አንድ ያልተከፈተ የመድኃኒት ጥቅል አውጥተው በመሀላችን አስቀመጡት።

«ሆስፒታል ሄድኩ። ደሜን አዩ፣ እጄን በራጅ አዩ። የቁርጥማት ዓይነት ነው፣ ሩማቶይድ ይባላል ብለው ይሄን ጻፉልኝ። አውቶቡስ ተራ አካባቢ ካለ መድኃኒት ቤት ስገዛው ከኋላዬ ተራ የያዘ ሰውዬ አየውና፣ ይሄ የካንሰር መድኃኒት አይደለም ወይ፣ ለአባቴ ይሰጡት ነበር አለ። ሻጩን አየሁት። ዝም አለ። ሀፍሷ፣ ውሸት እንዳትነግሪኝ። የካንሰር መድኃኒት ነው አይደለም?»

ሀፍሷ ጥቅሉን አንሥታ አየችው። «ሜቶትሬክሴት ነው። አዎ፣ ለካንሰርም ይሰጣል።»

እትዬ ውባንቺ ወደ እኔ ዞረው፣ «አየሽ?» አሉ።

«ግን እትዬ ውባንቺ፣ ለእርስዎ የተሰጠው ለካንሰር አይደለም» አለች ሀፍሷ። «የመድኃኒቱ ሥራ እንደ መጠኑ ይለያያል። በርበሬን ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም። አንድ ማንኪያ ወጥ ውስጥ ሲገባ ምግብ ነው። ጆንያ ሙሉ እዚህ መሬት ላይ ቢራገፍ ግን በረንዳው ላይ ያለውን ሰው ሁሉ እያስነጠሰ ያስወጣል። ያው በርበሬ ነው። ይሄም መድኃኒት በብዙ ሲሰጥ የካንሰርን ሕዋስ ይገድላል። በትንሹ፣ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ሲወሰድ ደግሞ የመገጣጠሚያን እብጠት ያበርዳል።»

«እሱንም ልልሽ ነበር። በሳምንት አንድ ቀን! ለሚድን ሰው መድኃኒት ጠዋትና ማታ ነው የሚታዘዘው። በሳምንት አንዴ ያሉኝ ተስፋ ቆርጠውብኝ ነው። እንዲያው ባዶ እጄን እንዳልመለስ ነው የሰጡኝ።»

«እንዲያውስ በየቀኑ ቢወስዱት ነበር የሚጎዳዎት። ሰዎች ተሳስተው በየቀኑ እየዋጡት አፋቸው ቆስሎ፣ ደማቸው ወርዶ ሆስፒታል የሚገቡ አሉ። በሳምንት አንዴ የተባለው ለእርስዎ ታስቦ ነው።»

እዚህ ላይ እኔም መምህርነቴ አላስቀምጥ አለኝ። ሰውነታችን ከውጭ የሚመጣ ተሕዋስን የሚከላከልበት ኃይል እንዳለው፣ በዚህ በሽታ ግን ይህ ኃይል የገዛ አካሉን እንደ ባዕድ ቆጥሮ መገጣጠሚያዎችን እንደሚያጠቃ፣ ሳይታከም ሲቆይ አጥንቱን እየበላ ጣትን እንደሚያጣምም፣ በረዥሙ አስረዳሁ። እትዬ ውባንቺ በትዕግሥት አዳመጡኝና፣ «ሐመልማል፣ ይሄ ለተማሪ ነው። እኔ ፈተና የለብኝም» አሉኝ።

ሀፍሷ ሳቋን ዋጥ አድርጋ በሌላ መንገድ ጀመረች። «የሱቅዎን ዘበኛ ያስቡ። ሌባ ይጠብቅ ብለው ቀጠሩት። አንድ ቀን ግራ ገባውና ሌባውን ትቶ የቤቱን ሰው መደብደብ ጀመረ። እጅዎ ላይ የሆነው ይኸው ነው። ሰውነትዎ ውስጥ ያለው ዘበኛ እርስዎኑ እየመታዎት ነው። መድኃኒቱ ዘበኛውን ያረጋጋዋል።»

እትዬ ውባንቺ ጥቂት አሰቡ። ሴትዮዋ ትምህርት ቤት ባይዘልቁም ነገር አያመልጣቸውም። «ዘበኛውን ካስተኛሽው እውነተኛው ሌባ ሲመጣስ ማን ሊይዘው ነው?»

«ጥሩ ጥያቄ ነው» አለች ሀፍሷ፤ ፊቷም በራ። «እናረጋጋዋለን እንጂ አናስተኛውም። ያም ሆኖ እውነትዎን ነው፣ አደጋ አለው። ለዚህ ነው በየጊዜው ደምዎንና ጉበትዎን የምናየው። ለዚህ ነው ትኩሳት ከያዘዎት ሳይውሉ ሳያድሩ ይምጡ የሚባለው። ደግሞ የሚገርምዎትን ልንገርዎት። በአሁኑ ጊዜ ካንሰርን ለማከም ተቃራኒውን የሚሠሩ መድኃኒቶች ወጥተዋል። ዘበኛውን ቀስቅሰው ካንሰሩን እንዲያጠቃ ያደርጉታል። አንዳንድ ሰው ላይ ታዲያ የተቀሰቀሰው ዘበኛ ካንሰሩን አልፎ መገጣጠሚያውንም ይመታል። ካንሰር የታከመ ሰው እንደ እርስዎ ያለ ቁርጥማት ይዞት ይመጣል። ሁለቱ በሽታዎች አንድ አይደሉም፤ ግን በአንድ በር የሚገቡበት ጊዜ አለ። መድኃኒታቸው ቢመሳሰል አይድነቅዎት።»

«ጥሩ ትናገሪያለሽ ልጄ» አሉ እትዬ ውባንቺ። «ያ ሁሉ ግን ልቤ አይደርስም። ለምን እንደሆነ ልንገርሽ።»

እጃቸውን እንደገና በነጠላው ጠቀለሉና ንግግራቸውን ቀጠሉ።

«ታላቅ እህቴን ሆዷን አመማት። ካንሰር ነው አሉን። ዘመድ ተሰብስቦ መከረና ጨጓራ ነው በሏት ተባለ። መድኃኒቷን ከነሣጥኑ ተቀብዬ፣ ሣጥኑን ጥዬ በሌላ ዕቃ የምገለብጥላት እኔ ነበርኩ። ጨጓራ እንዲህ ያከሳል ወይ እያለች ትጠይቀኛለች። ይሻልሻል እላታለሁ። ለልጆቿ የምትለው ነበራት፣ ይቅር ልትባባል የምትፈልገው ሰው ነበራት። እኛ እያሳቅናት፣ በሚመጣው ዓመት እንዲህ ታደርጊያለሽ እያልናት፣ አንድም ሳትናገር አረፈች። እንግዲህ እኔ ለገዛ እህቴ ያልነገርኩትን እውነት እናንተ ለኔ ትነግሩኛላችሁ ብዬ እንዴት ልመን? ሐኪሟም ሩማቶይድ ትበለኝ፣ አንቺም ዘበኛ በይኝ። እኔ ያኔ ጨጓራ እንዳልኩት ነው የሚሰማኝ።»



አንባቢዬ ሆይ፣ ይህን ልማድ የማታውቁት አይመስለኝም። ክፉ ወሬን ከበሽተኛ መሸሸግ በአገራችን እንደ ርኅራኄ ይቆጠራል። ከፍቅር የመነጨ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን አንድ ቤተሰብ በሽተኛውን አንዴ ከዋሸ፣ በሌላ ጊዜ እውነቱን ሲናገር የሚያምነው አያገኝም። እትዬ ውባንቺ እህታቸውን ከድንጋጤ ያዳኑ መስሏቸው ያደረጉት ነገር፣ ከዓመታት በኋላ የራሳቸውን መድኃኒት ከእጃቸው ነጠቃቸው። ሊድኑ የሚችሉ ሴት ሳይሞቱ ሱቃቸውን እየዘጉ፣ ልጃቸውን ከትምህርቱ እያስቀሩ ነበር።

ሀፍሷ የጣውላውን ግድግዳ አየት አደረገች። አንድ ነገር ልትናገር ፈልጋ የምትናገረው የእሷ እንዳልሆነ ያወቀች ሰው ትመስል ነበር። ወዲያው ከግድግዳው ወዲያ ወንበር ሲገፋ ተሰማ፤ እናቷ እትዬ ጠይባ ሻርፓቸውን እያስተካከሉ ወደ ሱቁ ገቡ።

«ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ሁሉንም ሰምቻለሁ» አሉ። ለእኔ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ሰላምታ ሰጡኝና ከእትዬ ውባንቺ ፊት ጆንያ ላይ ተቀመጡ። «ውባንቺ፣ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው፣ እናቴን ላስታምም ወራቤ ሄድኩ ያልኩሽ ጊዜ ትዝ ይልሻል?»

«እንዴት አይትዘኝም? ሱቅሽን የጠበቅሁልሽ እኔ አይደለሁ?»

«ወራቤ አልሄድኩም። እናቴም ደህና ነበሩ። የታመምኩት እኔ ነኝ። ጡቴ ላይ ካንሰር ወጥቶብኝ እዚሁ አዲስ አበባ ስታከም ነው የከረምኩት።»

እትዬ ውባንቺ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ።

«ፀጉሬ በሙሉ ረግፎ ነበር» አሉ እትዬ ጠይባ። «ሻርፔ ሸፈነልኝ። ከባለቤቴ ከባህረዲንና ከሀፍሷ በቀር የሚያውቅ የለም። ካንሰር ምን እንደሆነ ልትሰሚ የምትፈልጊ ከሆነ ከእኔ ስሚ። መጀመሪያ ከእብጠቱ ናሙና ወሰዱ። ከዚያ ሐኪሙ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ በስሙ ጠራው፤ ካንሰር ነው አለኝ። ባህረዲን እንዳይነግረኝ በምልክት ይለምነው ነበር። ሐኪሙ ግን የሷ ሰውነት ነው፣ ማወቅ አለባት አለው። ያን ቀን ጠላሁት። በኋላ ግን የዳንኩት ስለነገረኝ መሆኑ ገባኝ። ባላውቅ ኖሮ ያን ሁሉ መከራ ለምን ብዬ እችለዋለሁ? በመጀመሪያው ማስታወክ እተወው ነበር። እና ውባንቺ፣ ለእኔ ሲያገኙ ነግረውኛል። አንቺን ያልነገሩሽ ስላላገኙብሽ ነው።»

«ያንቺና የኔ መድኃኒትስ?»

ሀፍሷ እናቷን አየቻቸው፤ እናቷም በራሳቸው ነቅነቅ አድርገው ፈቀዱላት። «ለእማዬ በደም ሥሯ ከተሰጧት መድኃኒቶች አንዱ ይሄው የእርስዎ ነበር። በአንድ ቀን የወሰደችው እርስዎ በብዙ ሳምንት የሚወስዱትን ያህል ነው። የተሰጣትም ሊገድል ነው፣ ካንሰሩን። የእርስዎ ሊያረጋጋ ነው።»

ውጭ ተሸካሚዎች መንገድ እያስለቀቁ ያልፋሉ። የእትዬ ውባንቺ ዓይን እንባ አቅርሯል፤ እንባው ግን ስለ ራሳቸው በሽታ አልነበረም።

«ታመሽ ሳልጠይቅሽ ቀረሁ» አሉ። «እናትሽን እመቤቴ ትማርልሽ ብዬ ስለት ስሳል፣ የታመምሽው ከጎኔ ያለሽው አንቺ። አንድ ቀን አንድ ሾርባ እንኳ ይዤልሽ ሳልመጣ።»

«አውቃለሁ። ሰው እንዳያዝንልኝ ብዬ ነበር። ደግሞ የእናቷ በሽታ አለባት ብለው ሀፍሷን የሚያገባት እንዳይሸሽ ፈራሁ።»

«እማዬ፣ አብዛኛው የጡት ካንሰር እኮ በዘር የሚተላለፍ አይደለም» አለች ሀፍሷ። «ቢሆንም እንኳ የሚሸሸኝ ሰው ቀድሞ ቢሸሽ ለኔ ጥሩ ነው።» እናቷ ፈገግ አሉ።

እኔ ነገሩ እዚህ ላይ ያለቀ መስሎኝ ነበር። እትዬ ውባንቺ ግን ነጋዴ ናቸው፤ ሰው ያጎደለውን ያያሉ።

«አሁንስ ፈጽሞ ዳንሽ ጠይባ?»

«አልሐምዱሊላህ። ቀዶ ጥገናውም ኬሞውም አልቋል። የቀረኝ በየቀኑ የምውጠው አንድ ኪኒን ነው።»

«ታዲያ ጠዋት ጠዋት መዝጊያሽን ስትከፍቺ ለምን ታቃስቺያለሽ? በጣውላው እሰማሻለሁ እኮ። ደረጃ ስትወጪም ጉልበትሽን ይዘሽ ነው።»

እትዬ ጠይባ ጣቶቻቸውን በሻርፓቸው ጫፍ ሸሸጉ። ሀፍሷ ፊቷ ተለወጠ። «እማዬ? ያምሻል?»

«ከክረምቱ ወዲህ ጣቴንም ጉልበቴንም ጠዋት ላይ ያስረኛል። አጥንቴ ውስጥ ገባ ብዬ ነው። ልነግርሽ ፈራሁ። ኪኒኑንም፣ ከገባ ምን ያደርግልኛል ብዬ ሰሞኑን ትቼዋለሁ።»

«ትተሽዋል?» አሉ እትዬ ውባንቺ። «እኔን መድኃኒትሽን ዋጪ ልትይኝ መጥተሽ የራስሽን ጥለሻል?»

ነገሩ የሚያስቅ አልነበረም፤ ግን ሁለቱም ሴቶች ተያዩና ሳቁ። ሀፍሷ ብቻ አልሳቀችም። የእናቷን እጅ ይዛ ቀስ እያለች ተናገረች።

«እማዬ፣ ኪኒኑ የሚሠራው ካንሰሩን የሚመግበውን ሆርሞን በመቀነስ ነው። ያ ሆርሞን ሲቀንስ ብዙ ሴቶችን መገጣጠሚያቸውን ያማቸዋል፤ ጠዋት ጠዋት ያስራቸዋል። አጥንትሽ ውስጥ ገብቷል ማለት አይደለም። ግን በግምት አንተወውም፣ ይታያል። ከኪኒኑ ከሆነ በሌላ ይለወጥልሻል፤ የሚያስታግስ እንቅስቃሴም አለ። ጥፋቱ መታመምሽ አይደለም፤ ሳትናገሪ ማቆምሽ ነው። ካንሰሩ እንዳይመለስ የሚጠብቅሽ እሱ ነው።»

«እንግዲህ እኔ ከካንሰር መድኃኒት ቁርጥማት ሲይዘኝ፣ ውባንቺ ለቁርጥማቷ የካንሰር መድኃኒት ታዘዘላት» አሉ እትዬ ጠይባ። «ተለዋወጥን ማለት ነው።»

«እንዲያ ከሆነ አብረን እንሄዳለን» አሉ እትዬ ውባንቺ። «አንቺ ኪኒንሽን ካልጀመርሽ እኔም የኔን አልከፍትም። ግን አንድ ነገር አለኝ። ሐኪሟን ራሴ ነው የምጠይቃት። ማንም በሷ ፈንታ እንዳይመልስልኝ።»

በሚቀጥለው ሳምንት አራታችንም ሄድን። እትዬ ውባንቺ ከመገጣጠሚያ ሐኪሟ ፊት ተቀምጠው ሰላምታ እንኳ ሳያስረዝሙ፣ «የእኔ ልጅ፣ ካንሰር አለብኝ ወይ?» አሏት።

ሐኪሟ መዝገባቸውን ዘግታ አየቻቸው። «የለብዎትም እናቴ። ቢኖርብዎት በዚሁ ወንበር ላይ እነግርዎት ነበር። ያለብዎት ሩማቶይድ ነው። መድኃኒቱ ለካንሰርም እንደሚሰጥ ያን ቀን ልነግርዎት ይገባኝ ነበር። ሰው በዝቶ ነበርና አቻኮልኩዎት፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ቀጥሎም የመድኃኒቱን የጎንዮሽ ጉዳት አንድም ሳትሸሽግ ዘረዘረችላቸው። መጀመሪያ ሆድ ያቅለሸልሻል። አፍ ሊያቆስል ይችላል፤ ለዚያ የሚረዳ ፎሊክ አሲድ የሚባል ቫይታሚን በሌላ ቀን ይወሰዳል። ከአልኮል መራቅ ያስፈልጋል፤ የደም ምርመራ ቀጠሮም አይዘለልም። ለውጡ የሚታየው ከሁለትና ከሦስት ወር በኋላ ስለሆነ መታገሥ ያሻል። የተጣመመው አይቃናም፤ ያልተጣመመው ግን ይድናል። እትዬ ውባንቺ ይህን ሁሉ ሰምተው ሲወጡ፣ «ክፉውንም ደጉንም ነገረችኝ። ውሸታም ክፉውን አይነግርም» አሉን። በርበሬ ሲገዙ ጉድለቱን የሚነግራቸውን ገበሬ ነው የሚያምኑት፤ ሐኪሟንም ያመኗት በዚያው መንገድ ነው። ከሆስፒታሉ ደጃፍ ሳንርቅ ለናሆም ደውለው፣ «እንዳትመጣ። ትምህርትህን ጨርስ። እኔ አለሁ» አሉት።

እትዬ ጠይባም ለካንሰር ሐኪማቸው ኪኒኑን እንደተዉ ራሳቸው ተናገሩ። ሐኪሙ ሳይቆጣቸው አጥንታቸውን አስመረመረ። ንጹሕ ነበር። ኪኒኑን በሌላ ዓይነት ለወጠላቸው፤ በየቀኑ በእግራቸው እንዲሄዱም አዘዛቸው።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቀላል አልነበሩም። እትዬ ውባንቺ መድኃኒቱን የሚወስዱት እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ ምግብ ቀምሰው ነበር። ሰኞን ሲያቅለሸልሻቸው ይውላሉ። «ይቅርብኝ» ባሉ ጊዜ እትዬ ጠይባ ዝንጅብል ያለበት ሻይ አፍልተው ይመጡና አብረዋቸው ይቀመጣሉ። «እኔ ስንቱን ችዬዋለሁ፣ ይቺን አንድ ሰኞ አትችያትም?» ይሏቸዋል። እትዬ ውባንቺ በበኩላቸው ጎረቤታቸውን ጠዋት ጠዋት ይዘው ሰባተኛ እስከሚባለው ሰፈር ድረስ በእግር ይሄዳሉ። የበረንዳው ሰው ሁለቱን ሴቶች፣ አንዷ በነጠላ አንዷ በሻርፕ፣ ክንድ ለክንድ ተያይዘው ሲመለሱ ማየት ለመደ። የሚጠይቃቸው ካለ እትዬ ጠይባ ምን እንደታመሙ በስሙ ይናገራሉ። የፈሩት ነገር አልደረሰም። ደንበኛ አልሸሸም። ይልቁንም አንዲት የሻይ ነጋዴ ጡቷ ላይ ያገኘችውን እብጠት ልታሳያቸው በጓሮ ጠራቻቸው፤ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ወሰዷት፤ እብጠቱ ደግነቱ ካንሰር ሳይሆን ቀረ።

ከፋሲካ በኋላ ልጠይቃቸው ስሄድ እትዬ ውባንቺ ጆንያ ፈትተው ዛላ ሲመርጡ ደረስኩ። እብጠቱ ወርዷል። ሁለት ጣቶቻቸው እንደተጣመሙ ቀርተዋል፤ ያንን አይደብቁም፣ «እነዚህ የዘገየሁበት ናቸው» እያሉ ያሳያሉ። የቀሩት ግን ይታጠፋሉ፣ ይይዛሉ። ሱቁም እስከ ጣሪያው ሞልቷል። ናሆምም ሰኔ ላይ ተመረቀ፤ በምርቃቱ ፎቶግራፍ ላይ ከእናቱ ጎን እትዬ ጠይባ ቆመዋል።

ከዚህ ታሪክ የተማርኩትን በአጭሩ ልናገር። አንድ መድኃኒት የካንሰር ስም ስላለው ብቻ የሞት መልእክተኛ አይደለም፤ ለማንና በምን ያህል መጠን እንደታዘዘ ሐኪምን ወይም ፋርማሲስትን ሳይጠይቁ መፍራትም መጣልም ጉዳት ነው። የካንሰር ሕክምናም መገጣጠሚያን ሊያሳምም ይችላል፤ ሕመሙን በዝምታ ከመሸከምና በራስ ፈቃድ መድኃኒትን ከማቆም ይልቅ ለሐኪም መንገር መፍትሔ ያስገኛል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ለበሽተኛ እውነቱን በርኅራኄ መንገር ይቻላል። እውነቱን ያወቀ ሰው መከራውን የሚችልበት ምክንያት ያገኛል፤ ጎረቤቱም እንዲጠይቀው፣ እንዲያጽናናው፣ እንዲመርቀው በር ይከፈትለታል። እኔ በበኩሌ ስለ ሁለቱ ሴቶች፣ በትዕግሥት ስላስረዳች ተማሪዬ፣ ይቅርታ ለመጠየቅ ስላልከበዳት ሐኪም አምላኬን አመሰግናለሁ።

በቅርቡ እትዬ ውባንቺን ለቀጠሮአቸው አደረስኳቸው። ተራ ስንጠብቅ ከገጠር የመጣች አንዲት ሴት አጠገባችን ተቀምጣለች። እጆቿ አብጠዋል፤ ልጇ ከጎኗ ሆና የመድኃኒት ጥቅል ቦርሳዋ ውስጥ ለመክተት ትቸኩላለች። ሴትየዋ ጥቅሉን አየችና ወደ እትዬ ውባንቺ ጠጋ ብላ በሹክሹክታ፣ «እትዬ፣ ይሄ የካንሰር መድኃኒት ነው ይላሉ። እውነት ነው?» አለቻቸው።

ልጅቷ ደንግጣ፣ አይደለም በሏት በሚል ዓይን እትዬ ውባንቺን ለመነቻቸው። እትዬ ውባንቺ ልጅቷን በፍቅር አይተው ጥቅሉን ከእጇ ተቀበሏትና ለሴትየዋ መልሰው ሰጧት።

«አዎ እናቴ፣ ለካንሰርም ይሰጣል» አሏት። «እኔም እወስደዋለሁ። ጠጋ በይ፣ ሁሉንም ልንገርሽ።»